«የገብሱ ጉዳይ ለማመልከቻ የሚሆን አይመስለኝም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። በ2011 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ በ3.24 ተመርቄ ከዚያ ወዲህ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በሒሳብና በግዥ እሠራለሁ። ዩኒየናችን የቢራ ገብስ ከአባል ማኅበራት ሰብስቦ ለብቅል ፋብሪካ ያስረክባል። ውጭ አገር ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መማር እፈልጋለሁ፤ በዚህ ዓመት ማመልከት አስቤያለሁ። ውጤቴ ያንሳል ወይ? ለመግቢያ ፈተናው ጂማት ልፈተን ወይስ ጂአርኢ? ጓደኛዬ «ስለ ድህነትና ስለ ልጅነትሽ ችግር ጻፊ፣ ፈረንጅ የሚወደው እሱን ነው» ትለኛለች። ገንዘብ የለኝም። የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን «አርቅቀሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ብለውኛል። ከሥራዬ የሚጠቀስ ብዙ የለም። ፋብሪካው ገብስ እየመለሰብን ስለተቸገርን በየማኅበሩ መጋዘን እርጥበት እየተለካ እንዲገዛ አድርገናል። በፊት በአንድ ወቅት ከላክነው 64 መኪና 9ኙ ተመልሶብን ነበር፤ ባለፈው ዓመት ከ71 የተመለሰው 1 ብቻ ነው። የገብሱ ጉዳይ ግን ለማመልከቻ የሚሆን አይመስለኝም። ታናሽ እህታችሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ «አይመስለኝም» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ማመልከቻሽ ራሱ ነው። ከ64 መኪና 9 ማለት 14 በመቶ ነው፤ ከ71 አንድ ማለት 1.4 በመቶ። ኪሳራውን ወደ አንድ አሥረኛ ያወረደ ሰው «የሚጠቀስ የለኝም» ሲል የቅበላ ክፍሉ ሰዎች አይሰሙም፤ የሚያዩት የተጻፈውን ብቻ ነውና።

መጀመሪያ የምንጠይቅሽ «አድርገናል» ባልሽው ውስጥ አንቺ ምን እንዳደረግሽ ነው። መለኪያው ይገዛ ያለው ማን ነው? ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ወጣ? ገበሬው «ዋጋ መቁረጫ አመጡብን» ብሎ አልተጠራጠረም? የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሺ ያሉት በምን ምክንያት ነው? የመጀመሪያው ወቅት ላይ ምን ተበላሸ? የእነዚህን መልስ በአማርኛ በአንድ ደብተር ላይ፣ ያለ ቅደም ተከተል፣ ያለ ማሳመር ጻፊው። እኛ አገር ሰው ራሱን ሲያወድስ አያምርምና «እኔ» ማለት እንደሚከብድሽ እንገምታለን። መፍትሔው ራስሽን ማመስገን አይደለም፤ የሠራሽውን በግስ መናገር ብቻ ነው፦ ቆጠርኩ፣ ጠየቅሁ፣ አሳመንኩ፣ ተከራከርኩ፣ ቀየርኩ። ሌሎቹ የሠሩትን ለሌሎቹ ስጪ፤ የአንቺን ግን አትበትኚው።

ሲቪሽ አንድ ገጽ ይሁን። አሁን «የግዥ ሥራዎችን በኃላፊነት መከታተልና ማስፈጸም» የሚል መስመር እንዳለበት እርግጠኞች ነን፤ ከሥራ ዝርዝር ላይ የተገለበጠ ስለሆነ በሁሉም ሰው ሲቪ ላይ አለ። በምትኩ «በማኅበራት መጋዘን የእርጥበት ልኬት አስጀመርኩ፤ ከፋብሪካ የሚመለስ ጭነት ከ14 በመቶ ወደ 1.4 በመቶ ወረደ» ብለሽ የማኅበራቱን ብዛትና ዓመቱን ጨምሪበት። ኩንታል የሚለውን ውጭ ያለ አንባቢ አያውቀውምና ወደ ቶን ለውጪ፤ 10 ኩንታል 1 ቶን ነው። ብርን ወደ ዶላር ስትቀይሪ ሥራው በተሠራበት ዓመት ምንዛሪ ይሁን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የ2015ቱን ግዥ በዛሬው ምንዛሪ ብታሰይው የመራሽው ሥራ ከግማሽ በታች ሆኖ ይታያል። ከተቻለ በቶንና በመቶኛ መናገር ከዚህ ጣጣ ያድናል። ደግሞም እርጥብ ገብስ ለምን እንደሚመለስ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ፦ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ገብስ ይሻግታል፣ ፍሬው ይሞታል፤ ብቅል የሚሠራው ደግሞ ገብሱ በቅሎ ነው። ጠላ የጠመቀች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ቦስተን የተቀመጠው አንባቢ ግን አያውቀውም።

ጓደኛሽ በቅንነት ነው የመከረችሽ፤ ምክሩ ግን አይረባም። ችግር ብቻውን ስለ አንቺ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው በችግሩ ውስጥ የመረጥሽው ነገር ነው። ሃርቫርድ አሁን የሚጠይቀው ሦስት አጫጭር ጽሑፍ ነው፤ አንዱ እስከ 300 ቃል፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው እስከ 250 ቃል። 250 ቃል አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። በዚያ ውስጥ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብለሽ ከተነሣሽ ገብሱ ጋ ሳትደርሺ ቦታው ያልቃል። ስታንፎርድ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስብሽ ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ላይ የልጅነትሽ ነገር ሊገባ ይችላል፤ ሊገባ የሚችለው ግን ዛሬ የምትወስኝበትን መንገድ የሚያስረዳ ከሆነ ነው።

ብዙ የአገራችን አመልካቾች የሚወድቁበት ሌላው ቦታ የወደፊት ዓላማ ነው። «አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» የሚለው እውነት ቢሆንም አንቺን ከሌላው ሺህ ሰው አይለይሽም። ዓላማሽ ከሠራሽው ሥራ የሚቀጥል ይሁን። የቢራ ገብስ ማከማቻና የጥራት ምርመራ አገልግሎት ማቋቋም ቢሆን፣ ገዥው ማን ነው፣ ገበሬው ምን ይጨመርለታል፣ አሁን የጎደለሽ ዕውቀት የትኛው ነው? ፋይናንስ ከሆነ የምን ፋይናንስ? ይህን ከመለስሽ «ለምን ኤምቢኤ» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመለሳል።

ጽሑፉን ሰው ይየው፤ ብዙ ሰው ግን አይየው። ሁለት ይበቃል፦ አንዱ ሥራሽን የሚያውቅ፣ ሌላው ምንም የማያውቅ። የማያውቀው ሰው አንብቦ ምን እንደሠራሽ መልሶ መናገር ካልቻለ እንደገና ጻፊው። ለሌላ ሰው ከፍሎ ማስጻፍና በኮምፒዩተር ማስፈብረክ ውጤቱ አንድ ነው፤ እንግሊዝኛው ይለሰልሳል፣ መለኪያውና ሊቀ መንበሩ ከውስጡ ይጠፋሉ። «ቅበላ አስጨርሳለሁ» ለሚል ደላላም ሳንቲም አትስጪ።

ወረቀቱን ግን ዛሬ ጀምሪ፤ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። ፓስፖርት ከሌለሽ መጀመሪያ ፓስፖርት። ፈተናውም፣ ማመልከቻውም፣ ቪዛውም በፓስፖርቱ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ መሄድ አለበት። በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የሆነ ስም የተለመደ ነው፤ በተለይ «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» ያለበት የአባት ወይም የአያት ስም አንዱ ጋ ተለያይቶ፣ ሌላው ጋ ተጣብቆ ይጻፋል። ለፈተና ስትመዘገቢ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ከበር ትመለሻለሽ፤ ክፍያውም ይቀልጣል። የቤተሰብ ስም ለሚለው ሣጥን የትኛውን ልጻፍ ብለሽ አትጨነቂ፤ ፓስፖርቱ እዚያ ቦታ ያስቀመጠውን ቅጂ።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ትራንስክሪፕትሽ 2011 የሚል ከሆነና ቅጹ ላይ አንቺም 2011 ብለሽ ከሞላሽ፣ አንባቢው የተመረቅሽው በ14 ዓመትሽ ነው ብሎ ግራ ይጋባል፤ አለዚያም ከምርቃት እስከ ሥራ ስምንት ዓመት የት ነበረች ይላል። ቅጹ ላይ ሁሉንም በፈረንጆቹ አድርጊና ሰነዶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ተጨማሪ መረጃ በሚጻፍበት ቦታ በአንድ መስመር ግለጪ።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለተመረቅሽ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ አጣሪ። እሱ ሳይዘጋ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አይለቀቅም፤ እጅሽ ላይ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ሊሆን ይችላል። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ከቆየ ከዩኒየኑ ሒሳብ ክፍልና ከገቢዎች ማስረጃውን ያዢ፤ ሒሳብ ክፍል ያለሽው አንቺ ራስሽ ስለሆንሽ ይኼ እንኳ አይቸግርሽም። ሃርቫርድንና ስታንፎርድን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለማመልከቻ ጊዜ የትራንስክሪፕት ቅጂ ስካን ይበቃቸዋል፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉሽ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጊዜው አጭር ነው። ደብረ ብርሃን ለሬጅስትራር በሄድሽበት ቀን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም አብረሽ ጠይቂ፤ በዚያ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ፈተናውን የሚተዉልሽ ትምህርት ቤቶች አሉ። በክረምት በጣርማበር ጉም ሁለቴ ከመመላለስ አንዴ መጨረስ ይሻላል።

ውጤትሽ አያንስም። 3.24ን ወደ ሌላ መለኪያ አትቀይሪው፤ ከ4.00 ብለሽ እንዳለ ጻፊው። የወደቀ ሴሚስተር ካለ ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጪና እለፊ፤ ከዚያ ካረዘምሽው ልመና ይመስላል።

ከሁለቱ ፈተና ለአንቺ ጂማትን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። የአሁኑ ጂማት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሦስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ሒሳቡ 21 ጥያቄ፣ የቋንቋው 23፣ የመረጃ ትንተናው 20 ነው። የቋንቋው ክፍል አንብቦ መረዳትና ክርክርን መመርመር ብቻ ስለሆነ ብርቅ ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃል መሸምደድ አይጠይቅም፤ ጂአርኢ ግን ይጠይቃል። ጂኦሜትሪም ከጂማቱ ሒሳብ ወጥቷል። የመረጃ ትንተናው ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ ነው፤ የአንቺ የዕለት ሥራ። በሌላ በኩል በጂማት የሒሳብ ክፍል ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ካልኩሌተር ላይ እጁ ስለሚለምድ የሚጎዳሽ እዚያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መቶኛውንም ክፍልፋዩንም በወረቀት ሥሪ። ሁለቱም ፈተናዎች ነፃ የሙከራ ፈተና በድረ ገጻቸው ያቀርባሉ፤ ከሁለቱም አንዳንድ ሠርተሽ ጂአርኢው በግልጽ ከበለጠ እሱን ያዢ፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

የጂማት ውጤት አሁን ከ205 እስከ 805 ነው። በእጅ በእጅ የሚዞሩት መጻሕፍት «700 አምጪ» የሚሉት በአሮጌው መለኪያ ነው፤ ያ በአሁኑ 645 አካባቢ ነው። ለሒሳቡ ክፍል በጥያቄ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው ያለሽ። አንዱን ጥያቄ ካልፈታሁ ብሎ አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ሰው መጨረሻ ላይ ያሉትን ሳይነካ ጊዜው ያልቃል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ውጤቱን ይጎትታል። ገምተሽ እለፊና ምልክት አድርጊበት፤ ጊዜ ከተረፈሽ በየክፍሉ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ትችያለሽ። ድጋሚ ለመፈተን 16 ቀን መጠበቅ አለብሽ፣ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይቻልም። ከቤት ሆኖ መፈተን አለ፤ እኛ ግን ለመሐል ሜዳ አንመክረውም። መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ሊሰረዝብሽ ይችላል። አዲስ አበባ ሂጂና በማዕከል ተፈተኚ፤ ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድመሽ ግቢ፤ መንገዱን አንቺ ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ።

አሁን ግንቦት ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ የማመልከቻ ዙር ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ስለሚዘጋ አይደረስበትም፤ ተይው። ሁለተኛው ዙር የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 27 አካባቢ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀር ማለት ነው። ችግሩ በዓሉ ብቻ አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ ገብስ ይገዛል፤ አንቺም ሥራ አስኪያጅሽም መጋዘን ለመጋዘን ናችሁ። ስለዚህ ቀን መቁጠሪያሽ በገብሱ ይታሰር፦ ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ለፈተናው፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ ፈተና፣ ካልበቃ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለተኛ። ጽሑፎቹ ከነሐሴ ተጀምረው ጥቅምት ላይ ይለቁ። ለኅዳር ማረም ብቻ ይቅር። ታኅሣሥ 15 ላይ ላኪው፤ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ የሚያራዝም ትምህርት ቤት የለም። ሰዓቱንም ልብ በይ። የሃርቫርድ ማመልከቻ የሚዘጋው በቦስተን እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በክረምታቸው ያ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቃለ መጠይቅ ከደረሰሽም «3 ሰዓት» የተባለው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጽፈሽ አረጋግጪ፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት የቀሩ አሉ።

ሦስተኛውን ዙር ለትርፍ አታስቢው። ያኔ ቦታውም የገንዘብ ድጋፉም ተመናምኗል፣ ለቪዛም ጊዜ አይተርፍም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የትልልቆቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ወጪ ከነኑሮው በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ቁጥሩ ግን አያስደንግጥሽ። ሃርቫርድ የራሱን ድጋፍ የሚሰጠው በውጤት ሳይሆን በችግር መጠን ብቻ ነው፤ የአንቺ ደመወዝ እዚያ ላይ ጉዳት ሳይሆን ማስረጃ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ለአንድ ትምህርት ቤት 250 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከመክፈልሽ በፊት የክፍያ ነፃ ጥያቄ አቅርቢ፣ ሃርቫርድም ስታንፎርድም ለተቸገረ አመልካች ያንን በር ክፍት አድርገዋል። ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል በአብዛኛው በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አንቺ አልፈሽዋል። ሦስት የትምህርት መስክ ያስመርጥሻል፣ ስትጨርሺ ለሁለት ዓመት አገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው ግን ጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ኤምቢኤ፣ ሌሎቹን በግብርና ንግድ ወይም በአቅርቦት ሰንሰለት የማስተርስ ትምህርት ብታደርጊ ሙሉ የመሸፈን ዕድልሽ ይሰፋል። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞርና የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤትም ይታዩ፤ ክፍያቸው ከአሜሪካኖቹ እጅግ ያነሰ ነው። በአጠቃላይ አራት ትምህርት ቤት ይበቃል። ዘጠኝ ጋ የሚያመለክት ሰው ለዘጠኙም አንድ ጽሑፍ ይልካል፤ አንዳንዴም የአንዱን ስም ለሌላው። አገር ውስጥ ለመቅረት ከወሰንሽ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ በትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በኩል ነው የሚታለፈው።

የቀረው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ሥራ አስኪያጅሽ «አርቅቀሽ አምጪ» ያሉት የሥራ ልምድ ደብዳቤ መስሏቸው ነው፤ «የተሰጣትን ሥራ በአግባቡ ስትወጣ ቆይታለች» ተብሎ ማኅተም የሚመታበትን። ይኼ ሌላ ነው። ቅጹ በኢሜይል በቀጥታ ለእሳቸው ይሄዳል፤ ከሞሉት በኋላም አንቺ አታይውም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ቅጽ ሁለት ዋና ጥያቄ አለው፦ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ብቁ ሰዎች ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት? ከሰጧት እርማት ዋነኛው ምን ነበር፣ እንዴትስ ተቀበለችው? በሁለተኛው ላይ አለቆቻችን ይሰናከላሉ። ሠራተኛን መንቀፍ መጉዳት ይመስላቸውና «ጉድለት የለባትም» ብለው ይጽፋሉ፤ የምዘናውንም ሣጥን ሁሉ ከላይኛው ላይ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለአንባቢው አንድ ነገር ብቻ ይነግረዋል፦ ጸሐፊው አያውቋትም።

አንቺ አትጻፊላቸው። ክልክል ነው፤ የአንቺ ጽሑፍና የእሳቸው ደብዳቤ አንድ እጅ ከሆነም ያስታውቃል። የምትችይው አንድ ገጽ ማስታወሻ መስጠት ነው፦ አብራችሁ የሠራችኋቸው አራት ሥራዎች ከነቀናቸውና ከነቁጥራቸው፣ የተከራከራችሁበት አንድ ጉዳይ፣ እሳቸው ያረሙሽና አንቺ የቀየርሽው አንድ ነገር። ይህን በመስከረም፣ ሻይ ላይ ቁጭ ብላችሁ በቃልም ንገሪያቸው። እንግሊዝኛው ከከበዳቸው በአማርኛ ይጻፉና ሌላ ሰው ይተርጉምላቸው፤ ትምህርት ቤቱ ያንን መፍቀዱን ግን አስቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂ፤ ተርጓሚውም አንቺ ወይም ዘመድሽ አይሁን። የሚቻል ከሆነ የሚጠቀሙት የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይሁን፤ የግል አድራሻ ብቻ ካላቸው ግን ማንነታቸውን የሚያጣራ ጥሪ ወይም ደብዳቤ ሊመጣ እንደሚችል ንገሪያቸው።

ሁለተኛ ጸሐፊ ይፈለጋል። የዩኒቨርሲቲ መምህር አትፈልጊ፤ ከተመረቅሽ ቆይተሻል፣ የሚጽፉትም ከትራንስክሪፕቱ የማያልፍ ይሆናል። የማኅበር ሊቀ መንበር ይሆኑ ነበር፤ ግን የበታችሽ ናቸው ወይስ የበላይሽ የሚለው ለውጭ አንባቢ አይጠራለትም። እኛ ብንሆን የምንጠይቀው በፋብሪካው በኩል ገብሱን የሚረከቡትን የጥራት ኃላፊ ነው። ዘጠኙን መኪና የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተቀየረም ከሌላው ሁሉ በፊት ያዩት እሳቸው ናቸው፤ ደግሞ አለቃሽ ስላልሆኑ የሚያስደስቱሽ ምክንያት የላቸውም። ስማቸውን ቅጹ ላይ ከማስገባትሽ በፊት ደውለሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ግዥው ሳይጀመር፣ ጥቅምት ላይ።